ነጥቧ ሳሎን ነበረች

እኔ ቤት የሚወድ እግር አልተሰጠኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ሮቤ ተቀምጬ ጎባ ያለች ወዳጄን ጉንፋን ያዛት ሲሉኝ፣ ቤቱን ጠርጌ ሳልጨርስ ሚኒባስ ውስጥ እገኛለሁ። የምገዛው ሳይኖረኝ ጎሮ ገበያ እሄዳለሁ፤ ሰው አይቼ፣ የበግ ዋጋ ጠይቄ፣ የአንዷን ልጅ ስሜላት፣ ባዶ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ጤነኛ ሳለ በሰው ፊት «የኔ ሚስት አገሩ ቦታው ላይ መሆኑን ዞራ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ማሾፉ ነው እንጂ አንድም ቀን «ወዴት?» ብሎኝ አያውቅም።

እሱ የገብስና የስንዴ ነጋዴ ነበር። ሱቁ ይቀመጣል፣ ሰው ወደ እሱ ይመጣል። እኔ ደግሞ ወደ ሰው እሄዳለሁ። በዚህ ተስማምተን ኖርን። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩትን ሴት ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው፤ ገበያ በቀዘቀዘ ሰዓት ባዶ ከረጢት ላይ በከሰል እየጻፈ።

ከዚያ መርሳት መጣበት። መጀመሪያ ትንሽ ትንሹን ነው የረሳው፤ እሱን ማንም ይረሳል። አንድ ጠዋት ግን ካልሲውን ሳጠልቅለት ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ የማን ቤት ነው?» አለኝ። በትሕትና። ሰው ቤት አድሮ እንደሚሰናበት እንግዳ። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቅኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጤ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆነ፤ ሲቆነጥጡት ዓይን ያያል እንጂ ሥጋው አይሰማውም።

ሐኪሙ የእርጅና የመርሳት በሽታ ነው አለን። ብዙ መድኃኒት የለውም፣ ብቻ ወጥቶ እንዳይጠፋባችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ አለን። ዓይን አለመንቀል ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም።

መውጣቱ አልቀረም። አንዴ ስንዴ ማሳ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ አንዴ ከከተማ ውጭ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው በፈረስ ጋሪ አመጣው። ሁለተኛ ጊዜ በጠፋ ቀን ልጄ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝታ መጣች። ልጄ ከልጇ ጋር አብራን ነው የምትኖረው፤ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የለችም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ክፍሉን ከውጭ እንቆልፈው። ቀን ቀን ብቻ።»

«ሰው ነው እኮ» አልኳት።

«ሰው መሆኑንማ ማን ካደ! አባቴ ነው። ግን እኔ ቢሮ ነኝ፣ ልጅቷ ትምህርት ናት፣ አንቺ ደግሞ አትቀመጪም። አንድ ቀን አንቺ ጎባ ወሬ ስትሰሚ እሱ ወንዝ ገብቶ ቢገኝ ምን ልትይ ነው?»

እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ያሰብኩት ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። የተቆለፈበት ሰው ውሃ የሚያቀርብለት፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው ይፈልጋል። በሩ ሲቆለፍ አብሬው የምቆለፈው እኔ ነኝ። ካልተቆለፈም እየተከተልኩ የምጠብቀው እኔው ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብረት እያየሁ የራሴን እግር አሰብኩ።

ያዳነችን፣ ወይም ያዳነችን የመሰለን፣ የልጅ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ከክፍሏ ወጥታ ቁልፉን አነሳችና እናቷ ቦርሳ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«አባባ ላይ አይቆለፍም» አለች። «ለመመረቂያ የምሠራውን እዚሁ ቤት ልሥራው። አባባ የትኛው ክፍል እንዳሉ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። ከግቢ ሊወጡ ሲሉ ይጮኻል።»

«በሳተላይት ነው?» አለች ልጄ።

«ሳተላይቱ ውጭ ነው የሚሠራው፤ ቆርቆሮ ሥር ሲገባ ግራ ይጋባል። ይሄ በዋይፋይ ነው። ለቤት ውስጥ።»

ከጓደኞቿ ሰብስባ አንቴና ያላቸው ሦስት ነጫጭ ሳጥኖች አመጣች። አንዱን ሳሎን ቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንዱን መኝታ ቤት፣ ሦስተኛውን ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለች። እኔ እንደማይገባኝ አውቃ ይሁን፣ ወይም እኔን ማስረዳት ደስ ብሏት፣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ሦስት ሰው ከሦስት ማዕዘን ሆኖ ይጣራል እንበል። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው መሐል ቆመዋል። የማን ድምፅ ጎላ፣ የማን ራቀ ብለው፣ የቆሙበትን አያውቁም?»

«አውቃለሁ እንጂ። ግን እየጠሩኝ ምን ያስቆመኛል? እሄዳለሁ።»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በገዛ ቤቴ ዞርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ። ወለሉን በአንድ በአንድ እርምጃ ርቀት በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችና ምልክቱ ላይ አቆመችኝ። ፊቴን ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ጓሮው፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። እሷ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ቁጥር ትይዛለች። የእያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ከሌላው ይለያል አለችኝ፤ ነገ አባባ እዚያ ሲቆሙ ቁጥሩ ያንኑ ስለሚመስል ቤቱ ያውቃቸዋል።

«ከዜሮ በታች ስልሳ... ከዜሮ በታች ሰባ አንድ...» እያለች ታጉረመርማለች።

«ከዜሮ በታች? ቤቴ ሳነቴ ተራራ ላይ ነው እንዴ?»

«ብርድ አይደለም፣ ጉልበት ነው። ቁጥሩ ወደ ታች በወረደ መጠን ሳጥኑ እየራቀ ነው ማለት ነው።»

«እሺ፣ አንድ ቦታ ላይ አራቴ የሚያሽከረክረኝ ምንድን ነው?»

«ሰውነትዎ ይከልለዋል። ሰው ውሃ ነው፣ ሞገዱን ይውጠዋል። እዚያ የውሃ በርሜሉ ጋ አላዩም እንዴት እንደወረደ?»

«እኔ ውሃ ነኝ?»

«እርስዎማ ወራጅ ውሃ ነዎት።»

ቤቴን የዚያን ጊዜ ነው ያወቅኩት ማለት ይቻላል። የድሮው የጭቃ ግድግዳ ያሳልፋል፤ በኋላ የቀጠልነው ብሎኬት ይይዛል። የቁም ሳጥኑ መስታወት ያወዛግባል፤ ፊቱ ስቆም ቁጥሩ ይዘላል። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ሆኖ ስንዞር ያየን ነበር። አንዴ «ቤቱን ልትገዙት ነው?» አለን። የልጅ ልጄ «አዎ አባባ፣ ዋጋ ይበሉን» አለችው። «ባለቤቱ የለም፣ ሲመጣ ጠይቁት» አለ።

ችግሩ ዕቃዋ ምኑ ላይ ትሁን የሚለው ነበር። እንደ ሰዓት እጁ ላይ ብናስርለት ፈትቶ «የሰው ሰዓት ነው፣ ለባለቤቱ መልሱ» ብሎ ለልጄ ሰጣት። በሕይወቱ የሰው ዕቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ። አንገቱ ላይ ብናንጠለጥል በጠሰው። በመጨረሻ ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋቢውን ከላዩ አያወርድም፤ የሮቤን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እሱ ደግሞ ተኝቶም ጋቢውን አይለቅም። የጋቢውን ጫፍ አጥፌ ትንሽ ኪስ ሰፋሁ፣ አዝራር አበጀሁለት፣ ዕቃዋን እዚያ ከተትኩ። በየሁለት ቀኑ እሱ ሲተኛ አውጥቼ ቻርጅ አደርጋታለሁ። የልጅ ልጄ አቅፋ ሳመችኝ። «እማማ፣ እኔ እኮ አላሰብኩትም!» አለች።

እኔም ኮራሁ። ያኔ ከተሰማኝ ነገር እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ስልኬ ላይ የቤታችን ሥዕል መጣ፤ ክፍሎቹ በመስመር፣ በመሐል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ። መብራት ሲጠፋ ሳጥኖቹ ስለሚሞቱ ነጥቧ አመድ ትመስላለች፤ ያኔ ሮጬ በዓይኔ አየዋለሁ። ሲመጣ ደግሞ ሰማያዊ ትሆናለች። ሽንት ቤት ሲሄድ ነጥቧ ትሄዳለች። አንድ ቀን የግቢውን በር ከፍቶ ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ ጎረቤት ቤት ነበርኩና ከበሩ ሳይርቅ ደረስኩበት። ልጄ ያን ቀን ማታ ጓጉንቸሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ምንም ሳትናገር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እኔም ቀስ በቀስ እግሬን ፈታሁ። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ኋላ ሰፈሩን ዘልቄ፣ ኋላ ልጄ ቤት በምትውልበት ቅዳሜ ቅዳሜ ጎባ። የትም ብሆን ስልኬን አወጣና አያለሁ። እንግዲህ ይሄን መጻፍ ይከብዳል፤ ቤት ስሆንም ከፊቱ ይልቅ ነጥቧን ማየት ይቀለኝ ጀመር። ጓዳ ቁጭ ብዬ ነጥቧን አያለሁ፤ እሱ ግድግዳ ማዶ ነው። ነጥብ «እትዬ፣ ማን ልበል?» አይልም።

ያ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ጎባ ያለች ወዳጄ ወገቧን ታማ ተኝታለች፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሄጄ ውሃ አሙቄ ወገቧን ከተኮስኩላት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁ።

«ባልሽን በኪስሽ ይዘሽው መጣሽ?» አለችኝ።

«ይኸውልሽ። ሳሎን ነው። መስኮቱ ሥር፣ ወንበሩ ላይ።»

መነጽሯን አድርጋ አየች። «ይቺ ናት እሱ? ምነው አነሰች?»

«ሁላችንም እዚህ ውስጥ ይቺው ነን።»

ትንሽ ቆይታ ነጥቧ ተነሳች። በኮሪደሩ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። «ሽንት ቤት ደርሶ መጣ» አልኳት።

«ኧረ በእግዜር! ሰውየውን ሽንቱን እንኳን ብቻውን አትተዪውም?»

ሳቅን። ወገቧን ይዛ ነው የሳቀችው። ልሂድ ስል «ተቀመጪ፣ ይኸው ሰውዬሽ ሞቆት ተቀምጦ የለም?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ተቀመጥኩ። ደግሜ ሳይ ነጥቧ ሳሎን ነበረች። ኋላም ሳይ ሳሎን ነበረች።

እቤት የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን አስይዤ ልንገራችሁ።

ስምንት ሰዓት ግድም እንግዳ መጣ። ከዲንሾ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ ገብሱን ለባለቤቴ ሲያስረክብ የኖረ ገበሬ፣ ሽማግሌ። መታመሙን ሰምቶ ሊጠይቅ በሚኒባስ መጥቶ፣ ከመናኸሪያ እኛ ቤት ድረስ በዚያ ዝናብ በእግሩ። ልጄ በሩን ስትከፍት ከትከሻው ውሃ ይወርዳል። እሷ «ግቡ፣ ግቡ» ስትል ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። ልጁን በስሟ ከጠራ ከዓመት በላይ የሆነው ሰው። «አካም ጅርታ!» አለና አቀፈው። ሁለቱ በኦሮምኛ ጨዋታ ያዙ፤ ስለ በቅሎ፣ ስለ አንድ የድሮ ክረምት። ባለቤቴ እየሳቀ ጋቢውን ከላዩ አወረደ፣ የበሰበሰውን እንግዳ ጠቀለለው፣ እጁን ይዞ የራሱ ወንበር ላይ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው።

በኛ ወግ እንግዳ በርዶት ሲገባ የቤቱ አባወራ የለበሰውን ያለብሰዋል። ይሄን ማንም አላስታወሰውም። ስሜን የረሳ ሰው ይሄን አልረሳም።

ልጄ ይሄን ሁሉ ቆማ አየች። አባቷ የተመለሰ መሰላት። እንባዋን እየጠረገች ጓሮ ወጥታ ኩሽና ገባች፤ እንደ ድሮው አድርጋ ልትጋብዛቸው። ዕቃዋ ጋቢው ውስጥ እንደሆነች ትዝ አላላትም። እኔ ሰፍቼው፣ እኔስ ብሆን ትዝ ይለኝ ነበር? እንጃ። በዚያ ሰዓት «ቆይ አባዬ፣ ጋቢህን አትስጥ» የሚል ልጅ አላሳደግንም።

ባለቤቴ ለእንግዳው «መጣሁ» ብሎት ወጣ። እንግዳው ወዴት ብሎ አልጠየቀም። የቤቱን ጌታ በገዛ ቤቱ ወዴት ትሄዳለህ ይባላል እንዴ? ሙቀቱ ሰውነቱን ሲያገኘው ሽማግሌው እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በመሐል ተነስቶ ሽንት ቤት ሄዶ ተመለሰ። እኔና ወዳጄ የሳቅነው በሱ ነው።

ልጄ ከኩሽና ሆና አንዴ ስልኳን አየች። ሳሎን። አንዴ ደግሞ በሳሎኑ በር አንገቷን አስግጋ አየች፤ መስኮቱ ሥር፣ ወንበሩ ላይ፣ ጋቢ የለበሰ ጀርባ። እንግዳው ምናልባት ሽንት ቤት ይሆናል ብላ ገንፎዋን ለማማሰል ተመለሰች። ስለዚህ ዓይኗም ያንኑ ነው ያሳያት።

እኔ ከጎባ የደረስኩት አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ስልኬን በእጄ ይዤ ነጥቧን እያየሁ ነው የገባሁት። እሱ ተኝቷል፣ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ። የጋቢው ጫፍ መሬት ነክቶ ነበርና ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ ኪሷን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ዕቃዋ አለች። «በላህ?» አልኩት።

ጋቢው ተገለጠና የሌላ ሰው ፊት ወጣ።

«አካም ጅርቱ?» አለኝ ሽማግሌው፣ ከእንቅልፉ እየነቃ፣ ሊነሳ እየሞከረ።

«ነጋያ» አልኩ። ሰላምታውን ጀመረ፤ ሰላምታ ደግሞ አይቆረጥም። ልጆች ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩ። ቆሜ እመልሳለሁ፤ ጋቢው ሰውየው ላይ መሆኑን አያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነም አውቄዋለሁ። ግን አፌ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አደረሰ።

«እሱስ?» አልኩ ከዚያ።

«መጣሁ ብሎኝ ወጣ።»

«መቼ?»

ሽማግሌው መስኮቱን አየ። ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው መቼን ከየት ያመጣል። «ልብሴ ሳይደርቅ» አለ።

ልጄ ገንፎውን ይዛ በበሩ ገባች። ሁለታችንን አየችን። ሳህኑ ከእጇ አልወደቀም፤ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ሳትይዝ ሮጠች።

ፈለግን። ልጄ በአንድ በኩል፣ የልጅ ልጄ ከትምህርቷ ተጠርታ በሌላ፣ ሽማግሌው በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ፣ የኛን ጋቢ እንደለበሰ፣ ያገኘውን ሁሉ በኦሮምኛ እየጠየቀ። እኔ በምዞርባቸው መንገዶች ሁሉ ሄድኩ። ሰው «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት?» ይለኛል። «እዚሁ ነኝ» እላለሁ። እንደ ሁልጊዜው። መሮጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን ወዳጅ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ነበር የሚሄደው።

ሊመሽ ሲል ያመጣው ባለ ባጃጅ ነው። ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእህል መጋዘን ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ አገኘው። በሸሚዝ ብቻ። ከንፈሩ ጠቁሮ።

«አባት፣ ምን ያደርጋሉ እዚህ?» ብሎት ነበር ባለ ባጃጁ።

«እንግዳ አለብኝ። ስኳር ልገዛለት ወጥቼ ነው። ቤቴን ታውቀዋለህ?»

ሽማግሌው ይሄን ሲሰማ ግቢው መሐል ቁጭ አለ።

የልጅ ልጄ የዚያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቀኑን ሙሉ ነጥቧ የሄደችበትን አሳየችኝ። «እማማ፣ አልተሳሳተችም እኮ። ይመልከቱ፣ አንዲት እርምጃ እንኳን አልተሳሳተችም።»

«አልተሳሳተችም» አልኳት። «ጋቢውን ጠብቂ ነው ያልናት።» ላጽናናት ብዬ ነው። እሷ ግን አለቀሰች። ጸጉሯን እየዳበስኩ እንባ ይመጣልኝ እንደሆነ ጠበቅኩ።

ሳንባው ተነካ። ሁለት ሳምንት ጎባ ሆስፒታል ተኛ፤ እኔ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ። ሽማግሌው ከዲንሾ ሦስቴ መጣ። ወደ ውስጥ አይገባም፤ በር ላይ ሆኖ «በኔ ነው» ይላል። «በእርስዎ አይደለም» እለዋለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ጋቢውን አመጣ፣ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ተጣጥፎ። ሚስቱ ናት ያጠበችው፤ የሰው ኪስ መፈተሽ ነውር ስለሆነ ኪሱን ሳይከፍቱ አጥበውታል። ዕቃዋ ውስጡ ሞታለች። ሲሰጠኝ በሁለት እጁ ነው። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ስለ ዕቃዋም ምንም አላልኩት።

ባለቤቴ ዳነ። ሰውነቱ ቀለለ፣ ሳሉ ቀረ፣ ስለዚያ ቀን የሚያስታውሰው ነገር የለም። ቤት በገባን በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ ፍርድ ቤት ይመስል እኔን መሐል አድርገው።

የልጅ ልጄ «እንደገና ልሥራው» አለች። «ጫማቸው ላይ አንድ፣ ቀበቶአቸው ላይ አንድ፣ ጋቢው ላይ አንድ። ሦስቱ ካልተስማሙ ይጮኻል። እውነት እማማ፣ ይሠራል።»

«ጫማውን ለእንግዳ ቢሰጥስ?» አለች ልጄ።

«ጫማ ይሰጣል እንዴ?»

«አባዬ? ይሰጣል።»

ልጄ ደክሟታል። ከመሳቢያው ያወጣችው ብረት ጭኗ ላይ አለ፤ ልትቆልፍም ልትጥልም የማትፈልገው ዓይነት አያያዝ ይዛዋለች። «እኔ አሁን አላውቅም» አለች። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ ሚስቱ። ወስኚ። ይቆለፍ ካልሽ ይቆለፋል፤ ይሠራ ካልሽ ትሥራው።»

ልጅቱ ያለችው እንደሚሠራ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ሠርታው ተመርቃለች፤ በሰው ቤት ይሠራል። ሳስበው የቆየሁት ግን ሌላ ነው። በዚያ ቅዳሜ ጎባ ተቀምጬ ስስቅ ዕቃዋ በዝናብ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ብታሳየኝ ኖሮ እንኳ፣ እኔ የማየው ሰውን ሳይሆን ያንኑ ሰማያዊ ነጥብ ነበር። ጫማው ላይም ብትሰፋ፣ ቀበቶው ላይም፣ እኔ እግሬን ይዤ እሄዳለሁ።

«ይቆለፍ» አልኩ። «ከውጭ አይደለም ግን። የሳሎኑ በር ከውስጥ ይቆለፍ። ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን።»

ልጄ ቀና አለች። «ከውስጥ? ታዲያ አንቺስ?»

«እኔማ ውስጥ ነኛ።»

«እማዬ፣ አትችዪውም።»

«እንግዲህ እናያለን።»

አናጢ መጥቶ ከውስጥ በኩል መሸጎሪያውን ገጠመ፣ ብረቱም ገባበት። ልጄ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጄ ወደ ትምህርት ስትሄድ በሩን ከኋላቸው ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። ይሄን ሳደርግ ሆዴ ይባባል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልባባም። ውጭ መንገድ ላይ የሚኒባስ ረዳት «ጎባ! ጎባ! የሞላ!» እያለ ያልፋል።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጣ። በቀጥታ ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ያዘ። ሁለቴ ሞከረው። አልተቆጣም፤ ዞር ብሎ አየኝ፣ በሩንም አየ፣ ነገሩ የገባው መሰለ።

«እትዬ፣ እርስዎም እዚሁ ነዎት?»

«እዚሁ ነኝ» አልኩት።

«ብዙ ጊዜዎ ነው?»

«ዛሬ ነው የገባሁት።»

አንገቱን ነቀነቀ። ለአዲስ ሰው ቦታውን እንደሚያሳይ ሆኖ መስኮቱ ሥር ሄዶ ተቀመጠ፣ ከአጠገቡ ያለውንም ወንበር በእጁ ጠረገው።

«የመጀመሪያው ቀን ነው የሚከብደው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በኋላ ይለመዳል። ይምጡ፣ እዚህ ጋ ፀሐይ አለ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ።